የፊተኛው አግዳሚ

በደብረ ታቦር ከገበያው ጀርባ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ የሆነ አዳራሽ አለ። እሑድ እሑድ በኪቦርድና በጭብጨባ ይናወጣል፤ በሌላው ቀን ተዘግቶ ሲታይ የእህል መጋዘን ይመስላል፤ ቀድሞም የእህል መጋዘን ነበር። ውስጡ፣ ከፕላስቲክ ወንበሮቹ ሁሉ ፊት፣ ከመድረኩ ሥር፣ ከባሕር ዛፍ የተሠራ አንድ አግዳሚ ተቀምጧል። ሁልጊዜ ባዶ ነው። አዳራሹ ሞልቶ ሰዉ በበሩና በመስኮቱ ሲጋፋ እንኳ ማንም አይቀመጥበትም። አግዳሚው የሚጠብቀው ኃጢአተኛ ነው፤ ያውም ቆርጦ የተነሣ ኃጢአተኛ። ፓስተሩ በስብከቱ መጨረሻ ጥሪ ያደርጋል፤ «ዛሬ ጌታን እቀበላለሁ» ያለ ሰው ከመሃል ተነሥቶ ይመጣና እዚያ ይቀመጣል፤ እጅ ይጭኑበታል፤ ይጸለይለታል። ሲነሣ ሌላ ሰው ሆኗል ይባላል።

በሌላ ከተማ ባየኋቸው አዳራሾች ጥሪውን የተቀበለ ሰው መድረክ ፊት ይቆማል እንጂ መቀመጫ አይዘጋጅለትም። የዚህኛው ፓስተር ግን የራሱ ፍልስፍና አለው። «ቆሞ የመጣ ቆሞ ይሄዳል፤ የተቀመጠ ሰው ግን ይሰማል» ብሎኛል። አግዳሚውን የሠራው ገበያ ውስጥ ሱቅ ያለው ሙስሊም አናጢ ነው፤ የመስጊዱን የጫማ መደርደሪያም፣ የአንዱን ቤተ ክርስቲያን የሰንበቴ ቤት በርም የሠራ እሱ ነው። ለምን መደገፊያ እንዳላበጀለት ብጠይቀው መላጊያውን ሳያቆም፣ «ለንስሐ ነው አሉኝ። ንስሐ የሚገባ ሰው ተደግፎ ምን ሊያደርግ ነው፣ ሊተኛ?» አለኝ። ስለዚያ አዳራሽ ከሰማሁት ሥነ መለኮት ሁሉ አጭሩ ይህ ነው።

እኔ ባደግሁበት ወግ ኃጢአት የሹክሹክታ ጉዳይ ነው። የንስሐ አባት ቤት ድረስ ይመጣሉ፤ ጸበል ይረጫሉ፤ ተናዛዡ ወደ ጓሮ ወይም ወደ አጥሩ ጥግ ይዟቸው ይሄድና ጆሯቸው ሥር ይናገራል። ያደረገውን መንደሩ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ሲናገረው ግን የሚሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው። የተማሩ ወዳጆቼ ይህን ግብዝነት ይሉታል። እኔ ጨዋነት ነው እላለሁ። እነዚሁ ወዳጆቼ ደግሞ ጴንጤዎቹ አደባባይ ወጥተው ሲያለቅሱ «ድራማ ነው» ብለው ይስቃሉ፤ በለቅሶ ቤት የምናሳየውን የራሳችንን ድራማ ግን ወግ ብለው ያልፉታል። ይህን በመናገሬ ከሁለቱም ወገን የተጠቀምሁት ነገር የለም።

በዚያ አግዳሚ ላይ ሰው ሲቀመጥ አይቻለሁ። ከሁሉ የማልረሳው ግን ኃጢአተኛ ሆኖ ሳይሆን ሽማግሌ ሆኖ የተቀመጠውን ነው። አባቴ ናቸው።

አባቴ ከደብረ ታቦር ወደ አንበሳሜ በሚወስደው መንገድ፣ ካስፋልቱ ወረድ ብሎ ባለ መንደር ጤፍና ገብስ የሚያርሱ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ ሰው ናቸው። ታናሽ እህቴ ደብረ ታቦር አግብታ እዚያው ስትኖር ወደ አዳራሹ ሄደች። ልጅ አጥታ ነው የሄደች የሚሉ አሉ፤ እሷ አይደለም ትላለች። አባቴ አልረገሟትም፤ ልጁን የሚረግም ሰው ዘሩን እንደሚቀቅል ገበሬ ነው ይላሉ። ብቻ ከዚያ ወዲህ ቤቷ የሚመጡት ረቡዕና ዓርብ፣ አለዚያም በጾም ወራት ሆነ። የጾም ወጥ ማን አረደው፣ በማን ስም ታረደ አያሰኝም። ሽሮ ሃይማኖት የለውም። ይህን ደንብ ማንም አላወጀውም፤ እህቴም እሳቸውም አንድ ቀን እንኳ ሳያነሡት ለዓመታት አከበሩት። ብዙ አገሮች በፊርማ ያሰሩትን ውል የዚህን ያህል አላከበሩም።

ለዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ምክንያቱ አንድ ነው፤ እናታችን። የተቀበረችው በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ ከአንድ ትልቅ ወይራ ሥር ነው። አጠገቧ ያለውን ቦታ አባቴ በድንጋይ ከልለው ለራሳቸው ይዘውታል። ከዚህ ዓለም የቀራቸው ጉዳይ ያ ቦታ ነው። ሃይማኖቱን የለወጠ ሰው እዚያ አይቀበርም፤ ጴንጤዎቹ ሙታናቸውን የሚቀብሩት ከከተማው ዳር በተሰጣቸው ሜዳ ነው። እህቴ አንድ ቀን ወደዚያ እንደምትሄድ ሁላችንም እናውቃለን፤ አውርተነው ግን አናውቅም ነበር።

እህቴ ተስፋ በተቆረጠበት ዕድሜዋ ወንድ ልጅ ወለደች። በእነሱ ዘንድ ሕፃን አይጠመቅም፤ በጉባኤ ፊት ይቀርብና ይጸለይለታል። እኔ ቤት ቁጭ ብላ ለአባቴ ደወለች፤ ስልኩን ጮክ አድርጋ ስለከፈተችው ሁሉንም ሰማሁ።

«አባዬ፣ ልጁን እሑድ እናቀርበዋለን። ይምጡና ይመርቁልኝ።»

«የት?»

«አዳራሹ ነዋ።»

አባቴ፣ «ሰውየው እጁን አይጭንብኝም?» አሉ።

«ኧረ ማን ይነካዎታል!»

«እመጣለሁ። ልጁን መርቄ እሄዳለሁ። ግን እወቂው፤ ከናታችሁ ጎን የሚያስነሣኝ ነገር እንዳይሆን።»

«አይሆንም፣ አባዬ። ከኋላ ይቀመጣሉ፤ ሲጠሩዎት ይመርቃሉ፤ በቃ።»

ለአንድ የደቡብ ጎንደር ሽማግሌ ከኋላ ይቀመጣሉ ማለት ምን ያህል ከንቱ እንደሆነ እህቴ ማወቅ ነበረባት። ለነገሩ እኔም አላሰብሁትም።

ጊዜው የኅዳር መባቻ ነበር። መንገዱ ክፍት የሆነበት ሳምንት ስለነበር አባቴ ቅዳሜ በሚኒባስ መጥተው እኔ ቤት አደሩ። ዓይናቸው ከወትሮው ብሶ ነበር። ባገራችን የተለመደ ደዌ ነው፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ብሌኑን ይወጋል፤ ሰዉ ፀጉር ወጋኝ ይላል። ጤና ጣቢያ ሄደው ይቀደዱ ሲባሉ «ጤፉ ይግባ» ይላሉ፤ ጤፉ ሲገባ ደግሞ ገብሱ አለ። በወረንጦ እየነቀሉ፣ በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን እየጠረጉ ነው የሚኖሩት። እሑድ ጧት አዲስ ጋቢ ለብሰው፣ መጀመሪያ አጠገባችን ካለው ቤተ ክርስቲያን አስቀደሱ። ወደ አዳራሹ ያመራነው ከቅዳሴ በኋላ ነው። «የኔን አስቀድሜ የነሱን አያለሁ» አሉኝ መንገድ ላይ።

ስንደርስ ስብከቱ አልቆ ጥሪው ላይ ነበሩ። ፓስተሩ ዓይኑን ጨፍኖ በለሆሳስ ይጸልያል፤ ኪቦርዱ ቀስ ብሎ ይንቆረቆራል። ብዙ ጊዜ ለምኖ የመጣለት ሰው አልነበረም መሰለኝ፣ «አንድ ሰው አለ፤ ጌታ አንድ ሰው እየጠራ ነው» ይላል። በሩ ላይ አስተናጋጁ እጄን ይዞ፣ «እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ፣ የመጀመሪያህ ነው?» እያለ ሲያዋክበኝ አባቴ ቀድመውኝ ገቡ። ልክ በዚያው ቅጽበት ፓስተሩ «ሁላችን እንነሣ» አለ። ጉባኤው በሙሉ ከመቀመጫው ተነሣ።

ይህን ለማያውቅ ልንገር። ባገራችን ሽማግሌ ሲገባ የተቀመጠ ሰው ይነሣና «ኖር!» ይላል፤ ሽማግሌው «በእግዜር» ብሎ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ ወደ ላይኛው መቀመጫ ያልፋል። የላይኛው መቀመጫ ለእሱ ክፍት ሆኖ ይጠብቃል። አባቴ ገቡ፤ ሕዝቡ ተነሣ። የከተማ ሰው «ኖር» ማለት ቢረሳ የሚገርም አይደለም።

«በእግዜር፣ በእግዜር! ኧረ ተቀመጡ! በእግዜር!»

ግራና ቀኝ እጃቸውን እያነሡ በመሃል መተላለፊያው ወረዱ። ዓይኑን የጨፈነው ሕዝብ መልስ አልሰጣቸውም፤ አልተቀመጠምም። አክብሮቱ ቢበዛባቸው እርምጃቸውን አፈጠኑ። ከፊት ደረሱ። ሰዉ ሁሉ ቦታ ጠፍቶት ተጨናንቆ ሳለ፣ ከሁሉ ፊት፣ ከመድረኩ ሥር፣ አንድ ባዶ አግዳሚ። የማን እንደሆነ መጠየቅ ነውር ነበር። አመስግነው ተቀመጡ፤ ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መሃል ተከሉ፤ ነጠላቸውን ገልበጥ አድርገው ዓይናቸውን መጥረግ ጀመሩ።

ፓስተሩ ዓይኑን ገለጠ። ያየውን እኔም ከበሩ ሆኜ አየሁት፤ እሱ ባየበት ዓይን ማየት ግን ይከብደኛል። ያ ሰው ለዓመታት የሰበከው ለተማሪዎች፣ ለባጃጅ ነጂዎች፣ ከሌላ አገር ተመድበው ለመጡ ሠራተኞች ነው። አሁን ከፊቱ ነጭ ጋቢ የለበሰ፣ ምርኩዝ የያዘ፣ አንገቱ ላይ ማዕተብ ያሰረ ያገር ሽማግሌ ተቀምጦ ያለቅሳል። «ሃሌሉያ» ብሎ ሊጮህ አስቦ አቃተው። ያቃተውን ጉባኤው ጨረሰለት። እልልታው ቆርቆሮውን አናወጠው።

ከመድረክ ወርዶ ተንበረከከ፤ በዕድሜ ልጃቸው ይሆናል። ማይኩ ክፍት ነበር።

«አባታችን፣ ጌታን ይወዱታል?»

«እንዴት ያለ ጥያቄ ነው! እሱን ያልወደድሁ ማንን ልወድ ኖሯል?»

«ሃሌሉያ!»

«የግል አዳኝዎ አድርገው ይቀበሉታል?»

«የግልማ እንዴት ይሆናል? የሁላችንም ነው እንጂ!»

«ሃሌሉያ! ሃሌሉያ!»

እጅ ጫኑባቸው። መጀመሪያ የፓስተሩ፣ ቀጥሎ የሌላ፣ ቀጥሎ ስንት እንደሆነ ያላየሁት እጅ። አባቴ ከጋቢያቸው በላይ እጅ ብቻ ሆኑ። አንድ ጊዜ ምርኩዛቸውን ጠበቅ አድርገው ሊነሡ ሲሞክሩ አየሁ። ከዚያ ወደ ጎን ዞረው አንድ ነገር አዩና መልሰው ተቀመጡ። ምን እንዳዩ ከቆምሁበት አልታየኝም።

ቀጥሎ ሕፃኑ ቀረበ፤ አባቴ መረቁት። «እደግ፣ ተመንደግ፣ የናትህን ዓይን አብራ» ሲሉ ሕዝቡ አሜን አለ። ምሳ ላይ እሷ ቤት አንዲት የጉባኤው ሴት መጥታ ጉልበታቸውን ሳመች።

«እንኳን ደስ ያለዎ፣ አባታችን። ዛሬ ዳግም ተወለዱ!»

«ኧረ እኔስ የመጀመሪያውም አላለቀልኝ፣ ልጄ» አሉና ወደ ሽሮአቸው ተመለሱ።

ለእሳቸው ብላ እሑድ ሽሮ የሠራች እህቴ እንጀራ ጨመረችላቸው። ፊቷ ላይ የነበረውን ደስታ ከልጅነታችን ወዲህ አይቼባት አላውቅም።

ከመዘምራኑ አንዱ ሁሉንም በስልኩ ቀርጾታል። ሰኞ ማታ ቪዲዮው ከተማውን ዞረ፤ በአንበሳሜ ገበያ ቀን ገበሬ ከገበሬ እየተቀባበለ አየው። ይፋግ የሚኖር የአጎቴ ልጅ ደወለልኝ።

«አባትህ ሞቱ እንዴ?»

«ኧረ ደህና ናቸው።»

«እንግዲያ ምነው በሞቱ!» አለና ዘጋው።

መንደር ወረድሁ። ስደርስ አባቴ አውድማ ላይ ነበሩ፤ ሁለት እንግዶች ደግሞ በር ላይ ይጠብቋቸዋል። አንደኛው የንስሐ አባታቸው ናቸው፤ ከኔ የሚያንሱ ወጣት ቄስ። ሁለተኛው የሰንበቴው አለቃ ነው፤ ሰንበቴ ማለት በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዳቦና ጠላ ይዞ የሚሰበሰብ ማኅበር ነው፤ አለቃውን ሙሴ ይሉታል። ይህ ሙሴ የአባቴ አብሮ አደግ ስለሆነ፣ አባቴ ከአውድማው እንደመጡ ወግ አላበዛም።

«አየንህ እኮ» አለ። «ዓይንህ እያየ፣ እንባህ እየወረደ!»

«እንባዬ ሁልጊዜ ይወርዳል። አንተስ መቼ ቆሞ አይተኸው ታውቃለህ?»

«እኔ አውቃለሁ። ቪዲዮው አያውቅም።»

ቄሱ በትሕትና ገቡበት። «አባቴ፣ ሕዝቡ ታውኳል። ያ የመቃብር ቦታ ይከልከሉ የሚሉም አሉ። እኔ አልፈልግም። እሑድ በሰንበቴው ይነሡና ‹ልጄ አታልላ ወሰደችኝ፤ አላወቅሁም› ይበሉ። ሌላ ነገር አያስፈልግም። ያበቃል።»

«እጅ አይነካዎትም ብላኛለች ብለኸኝ አልነበር?» አለ ሙሴው። «አታለለችህ ማለት ይህ አይደል?»

አባቴ እስከ እሑድ ላስብበት አሉ። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ምን እንደሚያስቡ ጠየቅኋቸው፤ ስለ ጤፉ ነገሩኝ።

የቀረበላቸው ነገር ርካሽ እንዳልነበር እቀበላለሁ። በልጁ የተታለለ ሽማግሌ ይታዘንለታል እንጂ አይዋረድም። ማንም ያምናቸዋል፤ ጴንጤ ምን አያደርግም! የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። እህቴ አባቷን በማታለል መቃብሩን ልታሳጣ የሞከረች ሴት ሆና ትቀራለች፤ ዘመዱ ይዘጋታል፤ የተመረቀው ልጅም ከዘመድ ውጭ ያድጋል። እውነቱ ደግሞ በጣም የሚያስቅ ነበር። ያገር ሽማግሌ የክብር መቀመጫ መስሎት የኃጢአተኛ መቀመጫ ላይ ወጣ፤ ይህ በየጠላ ቤቱ የሚወራ፣ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነገር ነው። በሰው መሃል ገብቶ የሚያስታርቅ ሰው ሁሉን ነገር ሊሸከም ይችላል፤ ሳቅን ግን አይችልም።

ከተማ ተመልሼ ለእህቴ ስነግራት ልጁን እያጠባች ሰማችኝ።

«አታለለችኝ ይበሉ» አለች። «እኔን እንደሆነ ስም አውጥተውልኛል። አንድ ቢጨምሩበት ምንም አልሆን። ከእማዬ ጎን ይሁኑ ብቻ።» ከዚያ ደግሞ፣ «ግን በእውነት አልተቀበሉም ማለት ነው?» አለች።

እኔ የሰው ልብ አላይም አልኋት። አልጠቀማትም።

እሑድ በሰንበቴ ቤቱ ጸሎቱ ደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ሳይቀዳ አባቴ ተነሡ። ቤቱ ሞልቶ ነበር፤ ለአባቴ የመጣ ሰው ለጠላው ከሚመጣው በዝቷል።

«ልጄ አላታለለችኝም» አሉ። «ከኋላ ይቀመጡ ብላኝ ነበር። ስገባ ሕዝቡ ተነሣ። ለኔ የተነሣ መሰለኝ። ከፊት ባዶ አግዳሚ አየሁ። ለኔ የተተወ መሰለኝ። ሂጄ ተቀመጥሁ። ነገሩ ይኸው ነው።»

ከጥግ አንዱ በሳቅ ፍርፍር አለ፤ ቀጥሎ ሌላው፤ ቀጥሎ ቤቱ ሙሉ።

«በእግዜር፣ በእግዜር እያልህ?» አለ አንዱ ጎረቤታቸው እንባውን እየጠረገ።

«አዎ። ደጋግሜ ነው ያልሁት።»

ሳቁ እንደገና ተነሣ። እንደኔ ግምት ነገሩ እዚህ ላይ አልቆ ነበር። ሙሴው ግን አልሳቀም። አብሮ አደግ መጥፎ ነው፤ ከወሬህ የቱን እንደዘለልህ ያውቃል።

«እሺ» አለ። «ስትቀመጥ አላወቅህም። እጅ ሲጭኑብህስ? ያን ጊዜም አልገባህም?»

አባቴ መሬት መሬት አዩ። አዎ አልገባኝም ቢሉ የሚጠራጠራቸው አልነበረም። «ገባኝ» አሉ።

«ታዲያ ምነው አልተነሣህም?»

«ልነሣ ብዬ ዞር ስል ልጄን አየኋት። ታለቅሳለች። ያን ያህል ደስ ሲላት አይቻት አላውቅም፤ በሰርጓም እንዲያ አልሆነች። ብነሣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ትዋረዳለች ብዬ ተቀመጥሁ። እስኪጨርሱ ተቀመጥሁ። በልቤ አባታችን ሆይን ደገምሁ።»

አሁን የሚስቅ አልነበረም። ሰዉ ሁሉ ወደ ቄሱ ዞረ። ወጣቱ ቄስ መስቀላቸውን በጣታቸው መሃል አንዴ አገላበጡት።

«ይህን ለኔ በጓሮ መንገር ነበረብዎ» አሉ፤ የተቆጡም ያዘኑም ይመስሉ ነበር። «ባደባባይ ማን ጠየቀዎ?»

«እሱ ነዋ» አሉ አባቴ ወደ ሙሴው እያመለከቱ።

ቄሱ ቀኖና ሰጡ፤ ነቢያትን ሲጾሙ ከወትሮው ስግደት እንዲጨምሩ፣ ወደዚያም አዳራሽ ዳግመኛ እግራቸው እንዳይረግጥ። ሙሴው «መቃብሩስ?» አለ። ቄሱ እንደ ሰነፍ ተማሪ አዩት።

«መቃብሩ ሚስታቸው ጎን ነው። ወዴት ሊሄዱ ነው?»

ጠላው ተቀዳ።

ሳቁ እንደ ፈራሁት አገር ለአገር ዞረ። ድግስ ላይ ባዶ ወንበር በታየ ቁጥር «ይህስ ለማን ተቀምጦ ይሆን?» የሚል ቀልደኛ አይጠፋም። ለዕርቅ የሚጠራቸውም ሰው ሳሳ፤ ሁለት ጠበኞች አባቴን ሲያዩ አግዳሚው ትዝ ብሏቸው ፈገግ ካሉ ዕርቁ ሳይጀመር ያልቃል፣ ያም ለሽማግሌ ደስ አይልም። እህቴ በበኩሏ በሚቀጥለው እሑድ አዳራሹ ውስጥ ተነሥታ አባቷ እንዳልተቀበሉ፣ ለሷ ብለው እንደተቀመጡ ተናገረች። አንዳንዶቹ አለቀሱ፤ አንዳንዶቹ ቅር አላቸው። ፓስተሩ አግዳሚው ላይ በቀይ ቀለም «ለንስሐ ብቻ» የሚል አስጻፈበት። አሁን ባዶ ሲሆን ይበልጥ ባዶ ይመስላል።

የጾሙ ወር ሊያልቅ ሲል አባቴ ለገበያ መጡ። ጭነታቸውን አራግፈው ሲያበቁ እህቴን፣ «ያን የናንተን ቦታ አሳዪኝ» አሏት።

«የትኛውን?»

«የምትቀበሩበትን።»

እህቴ እኔን አየችኝ። ልጁን አዝላ፣ ሦስታችንም ባንድ ባጃጅ ተጨናንቀን ሄድን። ሜዳው ከከተማው ዳር፣ ከአንድ ጉብታ ግርጌ ነው። አጥር የለውም፤ ከመቃብሮቹ መሃል የሰው ላሞች ይግጣሉ። አባቴ ወርደው ወዲያና ወዲህ ተመላለሱ። መሬቱ ደርቆ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ተከፋፍሏል። አንዱን ስንጥቅ በምርኩዛቸው ጎረጎሩት፤ ጎንበስ ብለው ጓል አነሡና ፈረካከሱት።

«ዋልካ ነው» አሉ። «ክረምት ውሃ ይቋጥራል። ከጉብታው የሚወርደው ሁሉ እዚህ ነው የሚተኛ።»

«የሰጡን ይህን ነው፣ አባዬ።»

«ሲሰጧችሁ ገበሬ አልነበረበትም?» ወደ ላይኛው በኩል ወጡ። «ከዚህ ቦይ ይቀደድ። ዳገቱን ተከትሎ፣ እስከዚያ እስከ ገደሉ። አለዚያ በሐምሌ የሞተ ሰው ቢኖር ውሃ ውስጥ ነው የሚገባ።»

እህቴ ከኋላቸው ቆማ የልጁን አንቀልባ አጠባበቀች። «አባዬ፣ እኛ እኮ እዚህ አንቀርም» አለች ቀስ ብላ። «ጌታ ሲመጣ እንነሣለን።»

«እኛስ እዚያው ልንቀር ነው? ትነሣላችሁ። እስክትነሡ ድረስ ግን ምን ጭቃ ውስጥ አስተኛችሁ?»

እህቴ አንድ ጓል አንሥታ በጣቷ ፈረከሰች።

«ለሰውየው ንገሪው» አሉ፤ ፓስተሩን ማለታቸው ነው። «ገብሱ እንደገባ ጉልበት ያለው ሰው ይዞ ይምጣ። አዳራሹን ነው የተከለከልሁ እንጂ ቦይ ማስቀደድ አልተከለከልሁም።»

ከዚያ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና፣ ላሞቹን ገፋ እያደረጉ፣ ቦዩ የሚሄድበትን መስመር በምርኩዛቸው መጫር ጀመሩ።